8.4 በመቶ አለፈ ተባለ፤ ደስ ይበለን ወይስ?

መምህር ዘአዘዞ

ሰላም የጎንደር ልጆች። እዚህ ቤት ሁሌም የሚወራው ስለ ፋሲል ከነማ ነው። ይቅርታ አድርጉልኝና ዛሬ ስለ ትምህርት ላውራ።

የ2017 የ12ኛ ክፍል ውጤት ወጥቷል። ከተፈተኑት 585,882 ተማሪዎች 48,929ኙ ግማሽና ከዚያ በላይ አመጡ። 8.4 በመቶ መሆኑ ነው። በ2014 ፈተናው ዩኒቨርሲቲ ግቢ ውስጥ መሰጠት ሲጀምር 3.3 ነበር። በ2015 3.2፣ በ2016 5.4። «እየተሻሻለ ነው» ይባላል። እኛ መምህራን ክፍል ውስጥ በዚህ ስንከራከር ሻያችን ቀዝቅዞ ቀርቷል።

እኔ 9ኛና 10ኛ ፊዚክስ ነው የማስተምር። አንድ ነገር ልንገራችሁ። ባለፈው ዓመት ፈተና ላይ ከኋላ ወንበር አንድ ልጅ እጁን አወጣ። ጎበዝ ነው፤ ሰሌዳ ላይ ሳወጣው አሳፍሮኝ አያውቅም። ጥያቄው ሻካራ ወለል ላይ ስለሚገፋ ሳጥን ነው። ጣቱን አንዲት የእንግሊዝኛ ቃል ላይ አድርጎ «ቲቸር፣ ራፍ ምንድን ነው?» አለኝ በሹክሹክታ። «ሻካራ» አልኩት። «አሃ!» አለና ሁለት ደቂቃ ሳይሞላ ሠርቶ ጨረሰ። ሰበቃውን አስልቶ፣ ቀስቶቹን በየአቅጣጫቸው አስቀምጦ።

ያቺን ቃል ባልነግረው ዜሮ ነበር። ትልቁ ፈተና ላይ ሲቀመጥ ማን ይነግረዋል?

አሁን ደግሞ ሕግ መጥቷል። በ2015 አዲሱ የትምህርትና ሥልጠና ፖሊሲ ወጣ። በ2017 የአጠቃላይ ትምህርት አዋጅ በፓርላማ ጸደቀ። አወቃቀሩ 2-6-2-4 ሆኗል። ሁለት ዓመት ቅድመ አንደኛ፣ ስድስት ዓመት አንደኛ ደረጃ፣ ሁለት መካከለኛ፣ አራት ሁለተኛ ደረጃ ማለት ነው። የ10ኛ ክፍል ብሔራዊ ፈተና ቀርቷል። 6ኛና 8ኛ ላይ ፈተና አለ፤ 12ኛ ላይ ደግሞ ዋናው።

በሩ ላይ ያለው ዘበኛ ጎበዝ ሆኗል፤ ኩረጃው ቀንሷል፤ ይሁን፣ ደግ ነው። ግን ልጁ የወደቀው 12ኛ ላይ አይደለም። ፊደል ሳይለይ 3ኛ ክፍልን ያለፈ ጊዜ ነው የወደቀው። እኛ ወሬውን የሰማነው ከዘጠኝ ዓመት በኋላ ነው። ሕጉ ለዚያ ምን አለው? የምታውቁ ንገሩኝ።

የ2008 ባች

መምህር፣ እንኳን አነሱት። ግን የድሮውን እንዲህ ቶሎ ረሳነው እንዴ?

እኔ በ2008 ነው የተፈተንኩት። ግንቦት ላይ እንግሊዝኛው በፌስቡክ ወጣና ፈተናው ተሰረዘ። ሐምሌ ላይ እንደገና ተቀመጥን። በዚያ ሳምንት ጎንደር ምን እንደነበረች የሚያውቅ ያውቀዋል፤ አልገባበትም። ብቻ ኬሚስትሪ እየሠራሁ ልቤ ሌላ ቦታ ነበር።

ከዚያ በፊትም ሆነ በኋላ ፈታኙ ራሱ መስኮት ጋ ቆሞ «ቶሎ በሉ» የሚልበት ክፍል ነበር። አንድ ጎበዝ ይሠራል፣ ሠላሳው ይገለብጣል። አላሳይም ካለ ውጭ ይጠብቁታል። አንተ ጎበዙ ነበርክ ወይ እንዳትሉኝ። አልነበርኩም።

3.3 ሲባል አገሩ ሁሉ ደነገጠ። ምን ያስደነግጣል? ድሮም ያው ነበር፤ ጉዱ ተገለጠ እንጂ።

ቁጥር ወዳጅ

መቶኛውን ብቻ አትዩ። በ2014 የተፈተነው 896,520 ነው፤ ያለፈው 29,909። ዘንድሮ የተፈተነው 585,882 ነው። ተፈታኙ ከ310 ሺህ በላይ ቀንሷል። ያለፉት በ19,020 ጨምረዋል፤ ይህ እውነተኛ ጭማሪ ነው፣ አልክድም። ግን 48,929ኙን ለ2014 ተፈታኝ ብታካፍሉት 5.5 በመቶ ገደማ ነው የሚመጣው።

ታዲያ የቀረው ልጅ የት ገባ? ሁሉም በአንድ ምክንያት ቀረ አላልኩም። ግን ከነሐሴ 2015 ወዲህ በእኛ ገጠር ስንቱ ትምህርት ቤት እንደተዘጋ ዓይናችን አይቷል። ፈተና ያልተቀመጠ ልጅ አይወድቅም። ስለዚህ መቶኛው ውስጥ የለም።

የሦስት ልጆች እናት

እኔ ስሌቱን አልችልም። ትንሿ ቅድመ አንደኛ ናት፣ መካከለኛው 4ኛ፣ ትልቋ 8ኛ። ፖሊሲው እስከ 8ኛ ነፃና ግዴታ ነው ይላል አሉኝ። ነፃ! መስከረም ላይ ሳስመዘግብ ለጥበቃ፣ ለወረቀት፣ ለአጥር እያሉ ያስወጡኝን ብነግራችሁ። ስሙን አልጠራም፤ ነገም ልጆቼን የምልከው እዚያው ነው።

የ4ኛ ክፍሉ ልጄ ደብተሩ ንጹሕ ነው። ራይት በራይት። አንድ ቀን እጄ ሊጥ ነክቶ ነበርና የዘይቱን ጀሪካን «ምን ይላል? አንብብልኝ» አልኩት። «ንጹሕ የምግብ ዘይት» ነው የሚለው። «ን… ጹ…» አለና ዓይን ዓይኔን ያያል። ትንሽ ቆይቶ «ዘይት» አለ። ደስ አለኝ። ኋላ ሳስበው ጀሪካኑን አይቶ ነው እንጂ ጽሑፉን አይቶ አይደለም። ከሰሌዳ የሚገለብጠው እንደ ሥዕል ነው ማለት ነው።

ካርዱ ላይ በየዓመቱ «ተዛውሯል» ነው የሚለው።

መምህር ዘአዘዞ

እህቴ፣ እኔ ሁለት ገጽ ጽፌ ያልነገርኩትን አንቺ በአንድ ጀሪካን ነገርሽኝ።

በ2002 ዓ.ም. በአገር ደረጃ የንባብ ምዘና ተደርጎ ነበር። ከ2ኛ ክፍል ተማሪዎች 34 በመቶው አንዲት ቃል እንኳ ማንበብ አልቻሉም። እነዚያ ልጆች ክፍል ሳይደግሙ ቢሄዱ 12ኛ የሚደርሱት በ2012 ነው። በ2014 ዩኒቨርሲቲ ግቢ ገብተው የተቀመጡት ከእነሱ ሁለት ዓመት ዝቅ የሚሉት ናቸው። እንግዲህ 3.3 ከየት መጣ ብላችሁ አትጠይቁኝ።

ጡረተኛው

6ኛ ክፍል ፈተናን አዲስ ነገር አስመሰላችሁት። እኔ በጃንሆይ ጊዜ 6ኛ ላይ ተፈትኛለሁ፤ 8ኛ ላይ ሚኒስትሪ ወስጃለሁ፤ 12ኛ ላይ ማትሪክ። ያኔ አወቃቀሩ 6-2-4 ነበር። በ1986 ፖሊሲ 8-2-2 ሆነና 10ኛ ላይ አጥር ተተከለ። አሁን አጥሩ ተነቅሎ እንደገና 6-2-4፤ ከፊቱ ሁለት ዓመት ቀጥለውበት። ዞሮ ዞሮ ከቤት፣ ኖሮ ኖሮ ከመሬት።

ሕግ ሲወጣ እኛን መምህራንን የጠየቀን የለም። በ1966 የትምህርት ሴክተር ሪቪው የተባለው ሲመጣ መምህሩ ሥራ ያቆመው አንዱ ለዚሁ ነው። በ1997 ደግሞ ፕላዝማ መጣ። ቴሌቪዥኑ በደቡብ አፍሪካ እንግሊዝኛ ሽው ይላል። አራት መስመር ሳይጻፍ ገጹ ተቀየረ። እኔ ጥግ ላይ ቆሜ ሪሞት ያዥ ሆንኩ። ሃያ ምናምን ዓመት ያስተማርኩ ሰው! መብራት ሲጠፋ ነበር አስተማሪ የምሆነው። ተማሪዎቹም መብራት እንዲጠፋ ይጸልዩ ነበር።

ከታች ነፃ ዝውውር የሚባለውም የ1986 ልጅ ነው። ሐሳቡ ክፉ አልነበረም። ትንሽ ልጅ ጥለህ ከምታስኮርፈው እየደገፍክ አሳልፈው ነበር ነገሩ። መደገፉ ቀረና ማሳለፉ ብቻውን ቀረ።

አራዳ ገበያ

ጋሼ ጡረተኛው፣ ፕላዝማውን ሲያነሱ ሳቄ መጣ። እኛ ክፍል ከመሰረቁ በፊት ሁለት ዓመት ሠርቷል።

ግን መምህር ዘአዘዞ፣ አንድ ነገር አልገባኝም። እንግሊዝኛው ነው ችግሩ እያሉ ነው? ታዲያ 12ኛም በአማርኛ ይሁን?

መምህር ዘአዘዞ

አላልኩም። 8ኛ ድረስ በአብዛኛው በአማርኛ ተምሮ የመጣ ልጅ መስከረም ላይ 9ኛ ሲገባ ሁሉም ነገር እንግሊዝኛ ሆኖ ይጠብቀዋል። ታሪኩም፣ ባዮሎጂውም። በአንድ ክረምት ቋንቋ አይለመድም። በአማርኛ አጥርቶ የሚያነብ ልጅ ግን እንግሊዝኛውንም ቀስ ብሎ ይይዘዋል፤ አይቻለሁ። በሁለቱም የማያነበው ነው የሚቸግረኝ።

ማራኪ

ስለ ደሞዝ የሚያነሳ ጠፋ እንጂ ሁሉም ነገር ተወርቷል። ከሰዓት በኋላ ባጃጅ የሚነዳ መምህር ንባብ ሊያስተምር? እሺ።

የፒያሳ ልጅ፣ ከቨርጂኒያ

ከሩቅ ሆኜ እንዳልፈላሰፍባችሁ እፈራለሁ። ግን እዚህም ተሞክሮ ነበር፤ ልንገራችሁ።

በፈረንጆቹ 2002 ቡሽ የፈረመው ሕግ አለ። ስሙ ወደ እኛ ሲመለስ «ማንም ልጅ ወደ ኋላ አይቅር» ይሆናል። ከ3ኛ እስከ 8ኛ ክፍል በየዓመቱ በንባብና በሒሳብ ፈተና፣ ሁለተኛ ደረጃ ላይ ደግሞ አንድ ጊዜ። እስከ ፈረንጆቹ 2014 ድረስ የአገሩ ልጅ ሁሉ፣ መቶ በመቶ፣ ብቁ ይሆናል ተብሎ በሕግ ተጻፈ። ዓመት ዓመት ግቡን ያልመታ ትምህርት ቤት ቅጣት አለው። ወላጅ ልጁን ወደ ሌላ እንዲያዛውር ይፈቀድለታል፤ ሳይሻሻል ከቀጠለ አመራሩ እስከ መነሳት።

ምን ሆነ? መቶ በመቶው ቀረ። አስተማሪው ለፈተናው ብቻ ማስተማር ጀመረ። ሙዚቃና ታሪክ ሰዓታቸው ተቀማ። አትላንታ ላይ ደግሞ ይባስ ብሎ መምህራን ማታ ተሰብስበው የልጆቹን መልስ እየፋቁ አስተካከሉ። በ2011 የወጣው ምርመራ 44 ትምህርት ቤቶች ውስጥ 178 መምህራንና ርዕሳነ መምህራንን ጠቀሰ። አንዳንዶቹ ፍርድ ቤት ቀርበው ተፈረደባቸው። ልብ በሉ፣ እዚህ የኮረጀው ተማሪው አይደለም። ኦባማ በፈረንጆቹ 2015 መጨረሻ ሕጉን በሌላ ተካው። ፈተናው አልቀረም፤ ቅጣቱን ግን በአብዛኛው ለየክፍለ ግዛቱ ለቀቁት።

ጥሩውንም ልናገር። ያ ሕግ ውጤቱን እንዲበትኑት አስገደደ። የድሃው ልጅ ለብቻ፣ የጥቁሩ ለብቻ፣ እንግሊዝኛ አፍ መፍቻው ያልሆነው ለብቻ፣ አካል ጉዳተኛው ለብቻ። በጥቂት ጎበዞች አማካይ ውስጥ ደካማውን መደበቅ አልተቻለም። እኛ ጋ ግን የሚወድቀው ልጁ ብቻ ነው። በእኛው 2015 ከ3,106 ትምህርት ቤቶች 1,328ቱ አንድም ተማሪ አላሳለፉም ተብሎ ነበር። ልጆቹ ቤታቸው ገቡ። ትምህርት ቤቶቹን ማን ጠየቃቸው?

መምህር ዘአዘዞ

ወንድሜ፣ ይህን ከሩቅ ሆኖ መጻፍ ቀላል ነው። እነዚያ ትምህርት ቤቶች ውስጥ ላብራቶሪ የለም። አዲሱ ሥርዓተ ትምህርት ሲመጣ መጽሐፉ ለስንት ልጅ አንድ እንደደረሰ ልቁጠርልህ? እኔ ራሴ ከቴሌግራም አውርጄ ነው ያስተማርኩት። መጽሐፍ ሳትልክለት ርዕሰ መምህሩን ቅጣ ነው የምትለኝ?

የፒያሳ ልጅ፣ ከቨርጂኒያ

ቅጣ አላልኩም፣ ይጠየቅ ነው ያልኩት። «ምን ጎደለህ?» ተብሎ መጠየቅም መጠየቅ ነው።

መምህር ዘአዘዞ

እንደሱ ከሆነ እሺ። ተቆጥቼ ነበር፤ ይቅር በለኝ።

287

ሁላችሁንም ሰላም እላለሁ። መጻፍ ፈርቼ ሳነብ ነበር።

እኔ ዘንድሮ ከተፈተኑት ነኝ። ከቆላድባ። ስሜ ላይ የምታዩት ውጤቴ ነው፤ ከ600። 13 ነጥብ ጎድሎኝ ነው የቀረሁት። 11ኛን በግማሽ ነው የተማርኩት፤ በመሐል ተዘጋ። ሲከፈት የኬሚስትሪ መምህራችን ተቀይረው ነበር፤ ሌላ አልመጣም። የባዮሎጂ መጽሐፍ በእጄ ነክቼ አላውቅም። በአባቴ ስልክ በፒዲኤፍ ነው ያነበብኩት። ስክሪኑ በቀኝ በኩል ተሰነጣጥቋል፤ ከእያንዳንዱ መስመር የመጨረሻዋን ቃል እየገመትኩ። አባቴ ደግሞ ስልኩን ለገበያ ይፈልገዋል። ስለዚህ የማነበው እሱ ሲተኛ ነው።

ዩኒቨርሲቲ ስንገባ ፈታሾቹ የጫማችንን ሶል ሳይቀር አዩ። አልከፋኝም። እንዲያውም ደስ አለኝ፤ ሁሉም እኩል ሆነ። መጀመሪያው ሌሊት ግን እንቅልፍ አልወሰደኝም። ዶርሙ ውስጥ መብራቱ ሌሊቱን ሙሉ አይጠፋም። መብራት በዝቶብኝ ሳልተኛ ማደሬ ያ የመጀመሪያዬ ነው።

ሒሳብ ጥሩ ሠራሁ። እንግሊዝኛው ላይ አንድ ረጅም ምንባብ ነበር። ሦስት ጊዜ አነበብኩት። አሁንም ስለምን እንደሚያወራ አላውቅም።

አሁን የሪሜዲያል፣ ያላለፍነው የምንወስደውን የማካካሻ ትምህርት፣ ጥሪ እየጠበቅሁ ነው።

የሦስት ልጆች እናት

አይዞህ ልጄ። 13 ምን አላት።

የ2008 ባች

ወንድሜ፣ በተሰነጠቀ ስክሪን 287 ካመጣህ እኔ በዚያ ዘመን 500 ማምጣት ነበረብኝ። አላመጣሁም።

ደብተራው

ጎንደር ላይ ተቀምጣችሁ ስለ ፈተና አሜሪካ ድረስ ትሄዳላችሁ። ከቤተ ክህነቱ ትምህርት አቋቋም አስተምራለሁ የሚል ከየአገሩ መጥቶ የሚመሰከረው የት ነው? እዚሁ በአታ ቤተ ክርስቲያን ነው። ድጓ ከሆነ ቤተልሔም ይሄዳል። ዝማሬ መዋሥዕት ከሆነ ዙር አምባ። ስንት መቶ ዓመት የቆየ ማዕከላዊ ፈተና ነው ይሄ። ወረቀት የለው፣ ኮድ የለው፤ መምህሩ ጆሮውን ሰጥቶ ያዳምጣል። አንዲት ምልክት ከሳትክ «ተመለስ» ነው።

ከታችም ብትወርዱ እንደዚሁ ነው። ፊደል ቆጥረህ፣ ቁጥር ንባብ፣ ግዕዝ ንባብ፣ ውርድ ንባብ እያልክ ዳዊት ትደግማለህ። ንባብ ሳትወጣ ዜማ ቤት አትገባም። «ተዛውሯል» የሚባል ነገር የለም። የእህታችን ልጅ የኔታ ፊት ቢሆን ያ ጀሪካን ሳይመጣ ነበር የሚታወቅበት።

አራዳ ገበያ

አለንጋውስ? እሱንም ጨምረው ይንገሩን እንጂ።

ደብተራው

አለንጋውም ነበረ። ጠባሳው እዚህ አለ፣ አልደብቅም። እሱ ይቅር፤ ማዳመጡ አይቅር ነው የምለው።

መምህር ዘአዘዞ

የኔታ አንድ በአንድ ያዳምጡ ነበር፤ እውነት ነው። እኔ አንድ ክፍል ውስጥ 72 ልጅ አለኝ። በ40 ደቂቃ። የስም መጥሪያው ብቻ አምስት ደቂቃ ይወስዳል። እንዴት አድርጌ ላዳምጥ?

ደብተራው

የኔታስ ብቻቸውን መቼ ቻሉት? ትልቁ ትንሹን ያስጠናል። ዳዊት የደገመው ፊደል ለሚቆጥረው። የኔታ ጋ የሚደርሰው ተዘጋጅቶ ነው።

ጡረተኛው

ደብተራው፣ ዛሬ ገና ቁም ነገር ተናገርክ።

መምህር ዘአዘዞ

ይቺን ነገር ሌሊቱን ሳስባት አደርኩ። የኔ 9ኛ ክፍሎች አማርኛ ማንበብ አያቅታቸውም። ከእኛ ግቢ ጋር በአጥር የሚዋሰን አንደኛ ደረጃ አለ። ቅዳሜ ጠዋት ሁለት ሰዓት፣ አንድ ትልቅ ከአንድ ትንሽ ጋር። ፈተና የለም፣ ማርክ የለም። ልጁ ጮክ ብሎ ያነባል፣ ትልቁ ያዳምጣል። ርዕሰ መምህሩን ነገ አናግራለሁ። ከአዋጁ ጋር አይጣላም መቼም።

እህቴ፣ ያንን የ4ኛ ክፍሉን ልጅ ትልኪዋለሽ?

የሦስት ልጆች እናት

ሰፈራችን ከአዘዞ ይርቃል እንጂ እልከው ነበር። የባጃጁ ዋጋ ግን… እስቲ ከአባቱ ጋር ልነጋገር።

ማራኪ

ባጃጅ የሚነዳ መምህር እኔው ነኝ። ቅዳሜ ጠዋት ወደዚያው ነኝ። ልጁን አመላልሰዋለሁ፤ ሒሳቡን ተዪው።

ጡረተኛው

እኔም ቅዳሜ ሥራ የለኝም። ሌላውንም ቀን የለኝም ለነገሩ።

287

መምህር፣ ጥሪው እስኪመጣ ጎንደር አክስቴ ቤት ነኝ። ከትንንሾቹ ጋር ማንበብ እችላለሁ። ደግሞ አንድ ነገር ልጠይቅ፤ የ11ኛ ኬሚስትሪ መጽሐፍ፣ አዲሱ፣ በወረቀት ያለው ሰው ካለ? እመልሳለሁ።

የ2008 ባች

እህቴ ጋ አለ። ሽፋኑ የለውም፤ ምዕራፍ ሁለት ላይም ወጥ ፈሶበታል። ይነበባል ግን። ቅዳሜ ይዤው እመጣለሁ።